ሰባት ሜትር አቡጀዲ ለእሳት እራት

እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ዲላ ገበያው አጠገብ፣ ከሞያሌው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የሱቅ መደዳ ውስጥ አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ሱፍና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ ጠላትሽ ማነው ብትሉኝ ግብር ሰብሳቢው አይደለም፤ ጨርቁን ሁሉ አስወርዶ፣ ዳብሶ ዳብሶ «እመለሳለሁ» ብሎ የሚሄደው ገበያተኛም አይደለም። ብል ነው። ያቺ እፍ ሲሏት የምትበን አመድማ ነፍሳት! አንዴ ሱፍ ውስጥ ገብታ ከተራባች ጣቃውን ወንፊት አድርጋ ታስረክባችኋለች። ስንቱን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ አራግፌአለሁ፣ ስንቱን መደርደሪያ አጥቤአለሁ። እንዲህ ዕድሜዬን ሁሉ ብል ሳሳድድ ኖሬ ፈጣሪ ምን ቢያደርገኝ ጥሩ ነው? ብል የምትወድ ልጅ ሰጠኝ።

ልጄ አንድ ለእናቷ ናት። አባቷ የሞተው ገና ድክ ድክ ስትል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለነው እኔ፣ እሷና አሮጊቷ እናቴ ብቻ ነን። እዚሁ ከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ስትማር፣ ሐኪም ልትሆንልኝ ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነበር። የእሳት እራት አጥኚ ሆና ቁጭ አለች። ያንን ማታ ማታ አምፖል የሚዞረውን፣ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ የሚለውን ነፍሳት ማለቴ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚሁ ያዘች። የሰው ቡፌ ላይ ብርጭቆና የሠርግ ፎቶ ይቀመጣል፤ የእኔ ቡፌ ላይ በማር ጠርሙስ ውስጥ ትል ይቀለባል። እንግዳ ሲመጣ በዳንቴል እሸፍነዋለሁ።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያረፈችውን በጫማ ልላት ስል እጄን አየር ላይ ያዘችኝ።

«እማ! እሷ እኮ ብል አይደለችም!»

«ታዲያ ምንድን ናት፣ አክስቴ ናት?»

«የቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ የምትኖር የእሳት እራት ናት። ልብስሽን አትነካም። ምንም አላደረገችሽም።»

«እስክታደርገኝ ልጠብቃት?» አልኳት። ልጄ ግን ነፍሳቷን በብርጭቆና በወረቀት አፍና፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ እያለች በር አስወጥታ ለቀቀቻት። ከዚያ ወዲያ እሷ ፊት ነፍሳት መግደል ትቼ ሱቅ ውስጥ ብቻ እገድላለሁ።

የደሴቷን ነፍሳት ወሬ ያመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። አንድ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነች። ፎቶው ላይ ቡናማ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ክንፍ ብሎ ነገር የላትም፤ ጀርባዋ ላይ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የመሰለ ትንሽ ነገር ብቻ አለ።

«ይቺ ደግሞ ምኗ ነው የእሳት እራት? ክንፏን ማን በላው?»

«ነፋስ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ እየበራ ማውራት ጀመረች። በዓለም ጥግ፣ በረዶው ሊጀምር ሲል፣ ውቅያኖስ መሃል ለብቻቸው የተቀመጡ ደሴቶች አሉ። ሰው የለባቸውም። ነፋሱ ቀንም ሌትም አያርፍም። እዚያ ላይ ክንፍ አለኝ ብላ የተነሣች ነፍሳት ባሕር ውስጥ ነው የምትገኘው። እነዚህ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ክንፋቸው እያጠረ እያጠረ ሄዶ መብረር ትተው መሬት ለመሬት ይሮጣሉ። ትሏ የበሰበሰ ቅጠል ትበላለች፤ ብርዱ ሲጠና ትላልቅ የባሕር ወፎች ጎጆ ውስጥ ገብታ ትሞቃለች። ከእነዚያ ደሴቶች በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም።

«ደግሞ ዘሯን ብታውቂ» አለችና ሳቋ አመለጣት። «የብል ዘመድ ናት እማ። ከብል ቤተሰብ ናት።»

«የብል ዘመድ! የእኔን ሱቅ ጨርሰው ነው እዚያ ድረስ የሄዱት?» አልኩ። እናቴ እንኳ፣ ጆሮዋ የከበዳት፣ እኛ ስንስቅ አይታ ሳቀች። እኔ እንደ ሌላው ወሬዋ ሰምቼ ተኛሁ። ልጄ ለካ ወሬ ብቻ አልነበረም የያዘችው።

ነገሩ የፈነዳው በሳምንቱ፣ ሱቅ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ጥቂት ቀርቷታል። ልጄ ከባጃጅ ወርዳ እየተቻኮለች ገባች።

«እማ፣ ሰባት ሜትር አቡጀዲ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን?»

«ለሥራ። ዛሬ ማታ ጊቢ ውስጥ ዘርግቼ በመብራት የእሳት እራት ልይዝ ነው፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ነገ ጠዋት ካላኩት አበቃልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ወይ ዝናብ ነው ወይ መብራት የለም፣ ዛሬ ብቻ ነው ሰማዩ የጠራው።»

«ለማን ነው የምትልኪው?»

ያኔ ነው ዓይኗን መሬት ላይ የተከለችው። ወደ እነዚያ ደሴቶች የሚሄዱ አጥኚዎች አንድ ወጣት ረዳት ይፈልጋሉ። ካመለከቱት ሁሉ ጥቂት ሰው ቀርቷል፣ እሷ አንዷ ናት። ሥራዋን በቪዲዮ አይተው ይመርጣሉ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ ሰማሁ። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ መርከቧ በዓመት አንዴ ነው የምትሄደው፤ ሰው ታወርዳለች፣ በዓመቱ ተመልሳ ትወስዳለች። በመሃል መውጫ የለም።

«ምንም ቢመጣ?»

«ምንም ቢመጣ።»

«እኔ ብሞትስ?»

«እማ ደግሞ! ለምን ትሞቻለሽ?»

«ሞት ምክንያት ይጠይቃል? አባትሽ ምክንያት ነበረው? ወንድም የለሽ፣ እህት የለሽ። እኔ ሬሳ ሆኜ ተዘርግቼ አንቺ ባሕር መሃል ከብል ዘመድ ጋር ስትሯሯጪ ማን ነው አፈር የሚያለብሰኝ? የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«እማ፣ ፕሊስ...»

«አትሄጂም። አልቋል።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።  ግን ልጄ ጨርቅ ስትጠይቀኝ እምቢ ብዬ አላውቅም፣ ያን ቀንም አልቻልኩም። የአቡጀዲውን ጣቃ አውርጄ ለካሁ፤ ጫፉን በመቀስ ነክቼ በሁለት እጄ ተረተርኩትና ወረወርኩላት። «እንኪ! ስትቀርጺ እደሪ! መሄድ ግን የለም!» አልኩ። ፌስታል እንኳ ሳትቀበል ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ እየሮጠች ወጣች። እኔም ከዚያ በኋላ መሸጥ የት አባቴ አቅም አለኝ! የሱቁን ብረት ጎትቼ ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚገዛው አቡጀዲ ነው፣ ለመገነዣ። ለዚያ የመጣን ሰው እኔ በሩ ላይ ሲቆም አውቀዋለሁ፤ አይከራከርም፣ ፌስታል አይጠይቅም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ይሮጣል። ምንም ሳልጠይቅ ለክቼ እሰጠዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሌላውን እንዲህ እያየሁ ስኖር፣ ያን ቀን ልጄን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ምን ብሎ እንደሚያያት ሽው አላለኝም። ፊት ለፊቴ ብረት ድስትና ሳህን የምትሸጠው ሙስሊሟ ጎረቤቴ ናት፣ ከወላጆቿ ሱቁን ወርሳ ከእኔ ጋር አብራ ያረጀች። ልጄ አቡጀዲ ይዛ እያለቀሰች ስትሮጥ አየች። ቀጥሎ እኔ ብረቱን ሳወርድ አየች፤ ገና በቀን ሱቅ ስዘጋ ከባሌ ቀብር ወዲህ አይታኝ አታውቅም።

ታዲያ ስልክ ደውላ «ምን ሆናችሁ?» አትልም ወይ? አትልም። መርዶ በስልክ አይጠየቅም። «ማን ሞተባችሁ?» ተብሎ በር ላይ አይቆምም። ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ይኬዳል፣ አብሮ ይለቀሳል፤ ማን እንደሆነ ከለቅሶው መሃል ይሰማል። እናቶቻችን ያስተማሩን ይህንን ነው።

ቤት ስደርስ ልጄ አቡጀዲውን በአቮካዶው ዛፍና በወጥ ቤቱ ግድግዳ መሃል ወጥራ አሥራዋለች። ከሳሎን በኤክስቴንሽን ትልቅ አምፖል ስባ አብርታበታለች። ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው ነጭ ሸራና መብራት ብቻ ነው። ድንኳን እንጂ ሌላ ምን ይመስላል! ለእናቴ አጥሚቷን አጠጥቼ አስተኛኋት፤ ከመሸ አትቀመጥም። ከልጄ ጋር ተኳርፈናልና እሷ ጠርሙሶቿን አጥባ ልታዘጋጅ ጓዳ ገብታ በሩን ስትዘጋ እኔ በረንዳው ላይ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

የጊቢው በር ተበረገደ። ድስት ነጋዴዋ ጎረቤቴ፣ ከኋላዋ ሁለት የሰፈር ሴቶች፣ ሁሉም እያለቀሱ።

«እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ! ምን ጉድ ነው የወረደብን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እኔ ምን ላስብ? ሰው የሞተባት እሷ መሰለችኝ። እየሮጠች ወደ እኔ መጥታ ስታለቅስ ምን ሆንሽ እላለሁ እንዴ? አቀፍኳትና አብሬ ማልቀስ ጀመርኩ። ለነገሩ ለቅሶው ቀድሞም ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ሰበብ ነው ያጣሁት። እሷ የእኔን እንባ አይታ ባሰባት፣ እኔ የእሷን አይቼ ባሰብኝ። በሩ እንደ ተከፈተ ነው፤ ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቆማል። የዕድራችን ሰዎች አግዳሚ ወንበር በጋሪ ጭነው ደረሱ። አንዷ ንፍሮ በሳፋ ይዛ መጣች፤ ይህን ያህል ንፍሮ በዚያች ሰዓት ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚህ መሃል ልጄ ጠርሙሶቿን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ጊቢው በሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ እናቷ መሃል ላይ ቆማ ትነፋረቃለች። ምን ታስብ? ቤት ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠርሙሶቹን ለቀቀቻቸውና «እማማዬን!» ብላ ጮኸች።

አለቀ። ሰው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ማን እንደሞተ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሰማ። አሮጊቷ ናት! ጊቢው ቀለጠ። የሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ደግሞ ቃል አይጠፋትም፤ ወዲያው ደረቷን እየደቃች ጀመረች፦

«እንዲያው በድንገት ነው የደጋጎች እመቤት፣
ቆሎ ስትቆረጥሚ ትናንትና እኛ ቤት!»

 እናቴ? አሁን አጥሚት አጠጥቻት የለ? «ልቀቁኝ! ልያት!» እያልኩ ወደ ቤት ልሮጥ እላለሁ፣ ሴቶቹ በአራት ማዕዘን ይዘውኛል። «ተይ ቻይው፣ ራስሽን ትጎጃለሽ!» ይሉኛል። «ልያት እኮ ነው የምለው!» «አይዞሽ፣ ታይያታለሽ፣ ቀስ በይ!» የዲላ ሴት ይዛ ስታጽናና እንዴት እንደምትይዝ የተያዘ ያውቃል። ክንዴ ለሁለት ቀን በልዞ ሰነበተ።

የሳሎኑ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። እናቴ፣ ነጭ የመኝታ ልብሷን እንደለበሰች፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ደፉ ላይ ቆመች። ጊቢውን ግራ ቀኝ አየችው። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እጇን ራሷ ላይ ጫነችና፦

«ወይኔ ልጆቼ! ማንን ነው? ማንን ነው የወሰደብን?» ብላ እሷም ለቅሶዋን አቀለጠችው።

 ድስት ነጋዴዋ «አዑዙ ቢላሂ!» ብላ አግዳሚ ወንበሩ ኋላ ተሸጎጠች። የሙሾ አውራጇ እጅ ደረቷን ሊመታ እንደተነሣ ቀረ። ልጄ ሮጣ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ያ ሳቅ ጊቢውን በሙሉ አዳረሰው። ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነገሩን ለእናቴ በጆሮዋ ጮኸን አስረዳናት። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ቆሎ ያለችው ማን ናት? እኔ ቆሎ የምቆረጥመው በምን ጥርሴ ነው?»

ሙሾ አውራጇ ይቅርታ ልትጠይቅ ቀረበች። እናቴ ግን ወንበር አስመጥታ ተቀመጠችና «በይ ቀጥይ እንጂ» አለቻት፣ «ስሞት የት እሰማዋለሁ? ጥርሱን ትተሽ ሌላውን በይ።» ከዚያ በኋላ ሙሾው በሳቅ እየተቋረጠ ቀጠለ። እናቴ ደስ ያላትን ስንኝ ሁለቴ አስባለች።

የዕድራችን ሊቀመንበር አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዘመናቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ የጌዴኦ ሰው ናቸው። በአማርኛቸው ሴትም ወንድም «አንተ» ነው፤ ሁላችንም ለምደነዋል። ሳቁ በረድ ሲል ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ተነሡ።

«ዕድር የመጣበትን ሳያውቅ ከሰው ቤት አይወጣም። ማንም አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። ታዲያ ይሄ አቡጀዲ ምንድን ነው?»

ያኔ ነው ሁላችንም ዞረን ያየነው። ሰው ሲያለቅስና ሲስቅ አቡጀዲው ሥራውን ሲሠራ ቆይቷል። ከዝናቡ ማግስት ጠርቶ የዋለ ምሽት ስለሆነ ከየቡናው ጥላ፣ ከየእንሰቱ ሥር የወጣው የእሳት እራት ሁሉ ላዩ ላይ ሰፍሯል። አረንጓዴ አለ፣ ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ነገር ያለው አለ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል አለ፣ ከሽንብራ የሚያንስ አለ። ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ጨርቁ ሄደች። የምታፍር መስሎኝ ነበር። ጭራሽ!

«ጋሼ፣ ይህች ቀን ቀን የዛፍ ቅርፊት መስላ ነው የምትውለው። መቶ ጊዜ አልፈዋታል፣ አላዩዋትም» አለቻቸው። «ይቺኛዋ ደግሞ አፍ የላትም። የምትበላውን ሁሉ ትል ሳለች ነው በልታ የምትጨርሰው።»

«ቡናዬን የሚበላው የቱ ነው?» አሉ።

ልጄ አሳየቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው እንደ ዳኛ አዩት። ለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም፤ ወንበሩም አለ፣ ንፍሮውም አለ። ሁሉም ንፍሮውን እየዘገነ ጥያቄ ያወርድባት ጀመር። እኔ ከበረንዳው ሆኜ አያታለሁ። ሱቅ ውስጥ ሜትር ያዢ ብላት የምትሳሳት ልጅ፣ እዚያ ነጭ ጨርቅ ፊት ቆማ አንዱንም ሳትስት ትመልሳለች። ድምፅዋ እንኳ ሌላ ነው። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ።

ከዚያ ድስት ነጋዴዋ ክንፍ አልባ ነፍሳት አለ ወይ ብላ ጠየቀችና ልጄ ያቺን የደሴት ነፍሳት አወራች። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ወፎቹ ጎጆ፣ ከመርከብ የወረዱ አይጦች እየበሏት መሆኑን ሁሉ ተናገረች።

«ያ አላህ! ሰው የለም?»

«የለም።»

«ዛፍስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ዛፍም የለም ጋሼ።»

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዛፍ ጥላ ወጥተው አያውቁም። በጣም ደነገጡ። «ታዲያ ሽማግሌው ምን ሥር ተቀምጦ ነው የሚመክረው?» አሉ። ሰው ሳቀ። «ይሄን ነገር ከእኛ ማን አየው?»

ልጄ የጨርቁን ጠርዝ አቃናች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ «እኔ ላየው ነበር። ዓመት ነው። እማ ከፈቀደች» አለች።

ጊቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ደሜ ፈላ። በሰው ፊት ልታሸንፈኝ ነው ብዬ ነው የገባኝ። ብድግ አልኩ።

«አልፈቅድም! ያልኩትን እዚህም እደግመዋለሁ። ያለችኝ እሷ ናት። ዓመት ሙሉ መመለሻ በሌለበት ባሕር ሄዳ እኔ በመሃል ብሞት ማን ይቀብረኛል? እናንተ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ንገሩኝ እስቲ፣ ማን ይቀብረኛል?»

 ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ነገሩ ይገባቸዋል። ሊቀመንበሩ ንፍሯቸውን አላምጠው ዋጡና፦

«አንተ የሚያስጨንቅህ ይሄ ነው?» አሉኝ። «ዛሬ ሳትሞት ሁሉም መጥቷል። ወንበር መጥቷል፣ ንፍሮ መጥቷል፣ ሙሾ ወርዷል። ስትሞትማ የምንቀር ይመስልሃል?»

ሰው መሳቅም አልደፈረም፣ ዝምም ማለት አልቻለም።  እውነታቸውን ነው። ክንዴ እስኪበልዝ የያዙኝ ሴቶች አሁንም በአጠገቤ ናቸው። ቢሆንም ግትር ነኝ፤ አፌን ሞጥሞጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ልጄ ወደ እኔ መጣች። ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሳትከራከረኝ የዋለችበት ቀን የለማ። ጉንጬን ሳመችኝና «እሺ እማ፣ እቀራለሁ» አለችኝ። አኩርፋም አይደለም። ሄደችና ከአቮካዶው ዛፍ ላይ የአቡጀዲውን ጫፍ መፍታት ጀመረች። ነፍሳቱ እንዳይጎዱ አንድ በአንድ እፍ እያለች ነው የምትፈታው። ያሸነፍኩ ጊዜ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ያቺ «እሺ» ግን አላማረችኝም። እኔ ያሳደግኳት ልጅ እሺ የምትል ልጅ አይደለችም። ለእኔ ብላ ነው፣ ለእኔ ብላ ክንፏን ልታሳጥር ነው።

«ተዪው!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «አታውርጂው። ቪዲዮ ቅረጺ አልተባልሽም እንዴ? ጎኑ ተሸብሽቧል፣ ወጥሪው!»

ልጄ ገመዱን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። አሁንም አልገባትም።

«ሂጂ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልበልሽ!»

ያኔ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለቅሶ ቤት እልልታ! ሊቀመንበሩ ሁሉንም አስቁመው መረቁ፤ «ነፋሱ ይለፈው፣ ባሕሩ ይጥበብለት፣ መርከቡን ያግኘው» አሉ፣ ሰውም «አሜን» አለ፣ ድስት ነጋዴዋም «አሚን» አለች። ከዚያ ልጄ ሥራዋን ሠራች። የዕድሩ ሰዎች ጸጥ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አዩዋት፤ ሊቀመንበሩ አምፖሉን ከፍ ዝቅ አደረጉላት፣ ስልኩን ድስት ነጋዴዋ ያዘች። ቪዲዮው መሃል ላይ የእናቴ ድምፅ ይሰማል፣ «ጥርስ የለኝም እኮ ነው የምላችሁ» ትላለች። እንዳለ ላከችው። ያን አይተው መረጧት፤ ይህን ስጽፍ እዚያ ናት፣ ከብል ዘመድ ጋር።

ግን ያ ማታ ገና አላለቀም። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሁሉም ወደ ጨርቁ ዞሮ ሲስቅና ሲደነቅ እኔ ቀስ ብዬ ከቤቱ ኋላ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ሄድኩ። ሰው አይየኝ ብዬ ነው። በሰው ፊት ሂጂ ብያለሁ፤ አሁን ብቻዬን ሆኜ እንባዬ እንደ ልቡ ወረደ። የዚያን ጊዜ ሞተር ሳይክል በር ላይ ቆመ። ታላቅ እህቴ ናት፣ ጨለለቅቱ የምትኖረው። አንዱ ደውሎ «ቶሎ ነይ» ብሏት፣ ሞተር ተከራይታ፣ አቧራ በአቧራ ሆና ነው የመጣችው። ጊቢው ውስጥ ማንንም ሳታይ በጎን ዞራ ለቅሶዬን ተከትላ አገኘችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች።

«እናታችን ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ወዲያ ንፍሮ እየበላች ነው፣ አድቅቀው ሰጥተዋት።»

«ታዲያ ማነው?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ልጄ ልትሄድ ነው።»

እህቴ የእሷ ልጅ ቤይሩት ከሄደች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። በስልክ ካልሆነ አታያትም። ለዚህ ነው እንዴ ከጨለለቅቱ ያስሮጣችሁኝ ብላ የምትቆጣኝ መስሎኝ ዓይኗን ዓይኗን አየኋት። እሷ ግን አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋንም አላስተካከለችም። ራሴን ወደ ትከሻዋ ሳበችው።

«በይ አልቅሺ» አለችኝ። «ለዚህም ቢሆን እመጣ ነበር።»